ምዕራፍ 5፦ ጎጆ ሳይወጡ ራስን መቻል

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቷል። ልጅቱ 23 ዓመቷ ነው፤ በማኅበረሰብ ጤና የማስተርስ ትምህርት ለመጀመር ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። የምትኖረው እናቷ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ከረከቦቱ ራቅ አድርጋ ፋፍሳ፣ ማለትም የፌደራል መንግሥቱን የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ እየሞላች ነው። እናት የታክስ ወረቀቷን በፌስታል ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች። ለመጀመሪያ ዲግሪው አራት ዓመት ሙሉ ያደረጉት እንዲሁ ነበር፤ ልጅ ትሞላለች፣ እናት ቁጥር ታነባለች።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ልጅቱ ላፕቶፑን ዘጋችው።

«ጨረስኩ፣ እማዬ።»

«ምኑን? የኔን ሳትሞዪ?»

«ያንቺን አልጠየቁኝም። ኢንዲፐንደንት ነሽ ይላል።»

እናት ሲኒውን እንደያዘች ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ማ? አንቺ? ልብስሽ እኮ አሁንም እኔ ማጠቢያ ውስጥ ነው!»

ታናሽ ወንድሟ 20 ዓመቱ ነው፤ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ከጓደኞቹ ጋር ኮሌጅ ፓርክ አካባቢ ተከራይቶ ይኖራል። ማታ ማታ በመኪና ምግብ እያደረሰ ኪራዩንም ስልኩንም ራሱ ይከፍላል። የእሱ ፋፍሳ ግን የእናቱ ገቢና ፊርማ ካልገባበት አይሟላም። ፎርሙ እሱን «ዲፔንደንት»፣ ጥገኛ ይለዋል።

ይህን ቤተሰብ የሳልኩት ለምዕራፉ ብዬ ነው። ጥያቄው ግን በብዙ የሐበሻ ቤት የሚነሳ የእውነት ጥያቄ ነው። ቤት ለቆ የራሱን ኪራይ የሚከፍለው ጥገኛ፣ ከእናቷ ጣሪያ ሥር ያልወጣችው ደግሞ ራሷን የቻለች የተባለችው በምን ሒሳብ ነው? (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ ነው ያሳሳተን

በአማርኛ «ራሱን ቻለ» የምንለው ሰው ሥራ የያዘ፣ ከወላጅ እጅ የወጣ ሰው ነው። ሲያገባና የራሱን ቤት ሲሠራ ደግሞ «ጎጆ ወጣ» እንላለን። ቃሉ ሙገሳ አለበት፤ ትንሽም ቢሆን ስንብት አለበት። ስለዚህ እናት ያንን ቃል ከኮምፒውተር ስትሰማ መደንገጧ አይፈረድባትም። ልጇ ወይ ልትሄድባት ነው፣ ወይ ለመንግሥት ዋሽታለች።

ሁለቱም አይደለም። ፎርሙ ላይ ያለው ቃል ስለ ልጅቱ ብስለትም ሆነ ስለ መኖሪያዋ የሚለው ነገር የለም። የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ለዚህ ተማሪ የሚሰጠው እርዳታ ሲሰላ የማን ኪስ ይፈተሽ? «ዲፔንደንት» ማለት የተማሪውም የወላጁም ኪስ ይፈተሻል ማለት ነው። «ኢንዲፐንደንት» ማለት የተማሪው ኪስ ብቻ፣ ካገባ ደግሞ የትዳር ጓደኛው ጭምር ማለት ነው። እኔ ብተረጉመው «ራሱን የቻለ» አልለውም ነበር፤ «ወላጁ የማይጠየቅበት» እለዋለሁ። ውበት የለውም፤ ቡና ላይ ጭቅጭቅ ግን አያስነሳም።

ሕጉ ማንን ከወላጅ ነጻ እንደሚያደርግ ዝርዝር አለው። በዚያ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ እስከሚውለው ዲሴምበር 31 ድረስ 24 ዓመት የሞላው። ያገባ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያለ ወይም ያገለገለ። ከ13 ዓመቱ በኋላ ወላጆቹን ያጣ ወይም በመንግሥት አሳዳጊነት ሥር የነበረ። ፍርድ ቤት ሕጋዊ ሞግዚት የሾመለት። ከግማሽ በላይ ወጪያቸውን የሚችልላቸው ልጆች ያሉት። መጠለያ አጥቶ ብቻውን የሚኖር ወጣት። በመጨረሻም የማስተርስ፣ የዶክትሬት ወይም እንደ ሕግና ሕክምና ያለ የፕሮፌሽናል ዲግሪ የሚማር። ከእነዚህ አንዱ ይበቃል።

ዝርዝሩ ውስጥ «ከወላጅ ጋር የማይኖር» የሚል የለም። «የራሱን ኪራይ የሚከፍል» የሚልም የለም። ወንድምዬው የቱንም ያህል ቢሠራ የአንዱንም በር ቁልፍ አልያዘም። ወላጅ «አልከፍልለትም» ማለቱ ብቻ እንኳ በሩን አይከፍትለትም። እናት አንዲት ሳንቲም ባትሰጠው ፎርሙ የእሷን ገቢ እንደ እሱ ገቢ ያየዋል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እህትየው ደግሞ ማስተርስ ብላ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት በማድረጓ፣ 24 ሳይሞላት ከቤዝመንቷ ሳትነቃነቅ ነጻ ወጣች።

የእናት ጥርጣሬ አንድ ጊዜ ሕግ ነበር

እናት «እዚህ እየኖርሽ እንዴት?» ስትል ዝም ብላ አይደለም። ከ40 ዓመት በፊት ብትጠይቅ ኖሮ ሕጉ ራሱ ከእሷ ጋር ይስማማ ነበር።

የፌደራሉ የተማሪ እርዳታ የቆመው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 በፈረሙት የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ላይ ነው። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ አንድ ተማሪ ከወላጁ ተለይቶ እንዲታይ ሦስት ነገር ይጠየቅ ነበር። ወላጁ በታክስ ላይ በጥገኝነት ያላስመዘገበው፣ በዓመት ከ750 ዶላር በላይ ያልደጎመው፣ ከ6 ሳምንት በላይ አብሮት ያልኖረ መሆን ነበረበት። ስድስት ሳምንት! ለገና አንድ ወር እናቱ ቤት የከረመ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት የደገመ ተማሪ አለቀለት። ማን ቆጥሮ እንደሚያረጋግጥ እንግዲህ አስቡት። እናት የሰጠችውን ጫማና በፕላስቲክ ዕቃ አሽጋ የላከችለትን ወጥ ከ750 ዶላሩ የሚደምር የፋይናንስ ቢሮ ኃላፊ ከየት ይመጣል?

በ1986 ኮንግረስ ሕጉን ሲያሻሽል መለኪያውን ከጓዳ አውጥቶ ወደ ወረቀት አመጣው። የ24 ዓመቱ መስመር የተሰመረው ያኔ ነው። ዕድሜ በልደት ሰርተፊኬት፣ ትዳር በጋብቻ ወረቀት፣ ውትድርና በአገልግሎት ማስረጃ ይታያል፤ የጓዳ ኑሮ ግን ማስረጃ የለውም። ሆኖም ያኔም አንድ የታክስ ክር ቀርታ ነበር። ያገቡና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነጻ የሚባሉት ወላጆቻቸው በዚያ ዓመት በታክስ ካላስመዘገቧቸው ብቻ ነበር። በ1992 ማሻሻያ ያችም ክር ተበጠሰች። ከዚያ ወዲህ ማስተርስ የሚማር ሰው የትም ይኑር፣ ማንም በታክስ ያስመዝግበው፣ በፋፍሳ ፊት ወላጁ የማይጠየቅበት ሰው ነው።

በ2020 መጨረሻ የወጣውና ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፋፍሳ ማቅለያ ሕግም ይህን አልነካውም። ድሮ የነበሩትን ብዙ ጥያቄዎች አወጣ፤ የታክስ ቁጥሮች ከፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ከአይ.አር.ኤስ. በቀጥታ እንዲመጡ አደረገ። ወላጅ ለተማሪው የከፈለለትን ገንዘብ እንደ ገቢ አስመዝግብ የሚለውን ጥያቄም አስቀረ። የልጅቱ ፎርም ቶናው ሳይደርስ ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ቤት፣ ብዙ ቆጣሪ

ከፋፍሳው በኋላ የእናት ሁለተኛ ጥያቄ ሁልጊዜ ታክስ ነው። «እንግዲያው ዘንድሮ ክሌም ላደርግሽ አልችልም ማለት ነው?»

ትችላለች። ይህ በየዓመቱ ታክስ ሲሠራ ሰው የሚያወዛግብ ነገር ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። አይ.አር.ኤስ. የራሱ ሕግ፣ የራሱ መለኪያ አለው። ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ከ24 ዓመት በታች ከሆነ፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ፣ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ወላጅ ቤት ከኖረ፣ ከግማሽ በላይ ወጪውንም ራሱ ካልቻለ፣ ወላጅ በጥገኝነት ሊያስመዘግበው ይችላል። የኛዋ ልጅ 23 ናት፤ የምትኖረው ቤዝመንት ነው፤ ምሳዋ ከፎቅ ይወርዳል። ሁሉንም ታሟላለች። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ለአይ.አር.ኤስ. ጥገኛ ለፋፍሳ ነጻ ትሆናለች፤ ሁለቱም እውነት ነው፣ ማንም አልዋሸም። እንዲያውም እናት ካስመዘገበቻት ለማስተርስ ትምህርት የሚሰጠውን፣ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርሰውን የታክስ ቅናሽ መጠየቅ የምትችለው እናት ናት፤ ገቢዋ ከወሰኑ ካላለፈ።

24 ሲሞላት ደግሞ ሌላ በር አለ፤ እሱ ግን ጠባብ ነው። ለ2025 ዓመት የልጅቱ ገቢ ከ5,200 ዶላር በታች መሆን፣ እናትም ከግማሽ በላይ ወጪዋን መቻል አለባት። ቅዳሜና እሑድ የምትሠራ ልጅ ይህን ወሰን ሳታስበው ታልፈዋለች።

ሌሎችም ቆጣሪዎች አሉ። የ2010 የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ልጅ 26 ዓመት እስኪሞላው በወላጁ ኢንሹራንስ እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ የትም ይኑር፣ ቢያገባም፣ በታክስ ባይመዘገብም። የምግብ እርዳታው ፉድ ስታምፕ ደግሞ ከ22 ዓመት በታች ሆኖ ከወላጁ ጋር የሚኖርን ልጅ ለብቻው ቢያበስልም እንኳ ከወላጁ ቤተሰብ ጋር ይቆጥረዋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በስቴት ነዋሪነት ዝቅተኛውን ክፍያ ለመፍቀድ ሲወስኑ «በገንዘብ ራሱን የቻለ» የሚለውን በራሳቸው ደንብ ይፈታሉ፤ ብዙዎቹም በታክስ ማን አስመዘገበህ ብለው ይጠይቃሉ። ከሌላ ስቴት መጥቶ አጎቱ ቤት ያረፈ ተማሪን ይህኛው ቆጣሪ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሊያስከፍለው ይችላል።

ስለዚህ ሰው «ልጄ ኢንዲፐንደንት ናት ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ለማን?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ያለ «ለማን» መልስ የለውም።

«ዲግሪ ይዣለሁ» ማለት «ግራጁዌት ነኝ» ማለት አይደለም

እዚህ ላይ የእኛን ልጆች በተለይ የሚጥል ጉድጓድ አለ። ባዮሎጂ ተምራ በ22 ዓመቷ የተመረቀች ልጅ ነርስ ለመሆን ወሰነች እንበል። ሁለት መንገድ አላት። አንዱ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀው የተፋጠነ የነርሲንግ የባችለር ትምህርት ነው። ሌላው በማስተርስ ደረጃ የሚሰጠው ነርሲንግ ነው። ክፍሉ ሊመሳሰል፣ ሆስፒታሉም አንድ ሊሆን ይችላል። ለፋፍሳ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ሁለተኛ ባችለር ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እንደሆነች ትቆጠራለች፤ 24 ካልሞላት የእናቷ ገቢ ይጠየቃል። ሁለተኛው ማስተርስ ነው፤ እናቷ አትጠየቅም።

ለሕክምና ትምህርት ቤት ለመዘጋጀት የጎደሉ ኮርሶችን የሚወስድ ተመራቂም እንዲሁ ነው። ፎርሙ የሚጠይቀው ያለፈውን ሳይሆን የሚመጣውን ነው፦ የትምህርት ዘመኑ ሲጀምር ማስተርስ ወይም ዶክትሬት እየተማርክ ነው ወይ? እዚህ ላይ ተሳስቶ «አዎ» ያለ ሰው ፎርሙ ያለ ወላጅ ያልፍለታል፤ ትምህርት ቤቱ ሲያጣራ ግን ይመለስበታል፤ በመካከሉ ሳምንታት ይሄዳሉ። አውቆ የዋሸ ደግሞ ፎርሙ ራሱ እንደሚያስጠነቅቀው እስከ 20,000 ዶላር ቅጣትና እስራት ሊያገኘው ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል፤ የመኖሪያ ወረቀት። የፌደራል እርዳታ ለዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸው (በዲቪ የመጡትን ጨምሮ)፣ እንዲሁም በስደተኝነት ለገቡና ጥገኝነታቸው ለጸደቀላቸው ክፍት ነው። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ ለሚጠብቁ፣ ጊዜያዊ ከለላ ብቻ ላላቸው ወይም በተማሪ ቪዛ ላሉ ክፍት አይደለም። ለእነዚህ ወላጅ ይጠየቅ አይጠየቅ የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሳም።

ነጻነቱ የሚያመጣው ምንድን ነው?

እስካሁን ያለው ሁሉ እንደ ድል ይመስላል። አሁን ወደ መራራው እንሂድ።

ለወንድምዬው የእናቱ ገቢ መጠየቁ ሸክም ብቻ አልነበረም። እናት ገቢዋ ትንሽ ስለሆነ እሱ ፔል ግራንት ያገኛል፤ በ2025–26 ይህ የማይመለስ ስጦታ እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። የእናቱ ደመወዝ ማነስ ለእሱ መብት ሆኖ ተቆጥሮለታል።

እህትየው ከእናቷ ገቢ ስትለይ ከዚያም መብት ተለየች። ፔል ግራንት ከጥቂት የመምህርነት ሥልጠናዎች በቀር ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። ተማሪው እየተማረ ወለዱን መንግሥት የሚከፍልለት ብድር ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከጁላይ 1, 2012 ጀምሮ ቀርቷል። የቀራት በዓመት እስከ 20,500 ዶላር የሚደርስ ብድር ነው፤ ወለዱ ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ይህን ብድር ለማግኘት ድሃ መሆን አያስፈልግም፤ ሀብታምም ያገኘዋል። እንግዲህ ሕጉ ልጅቱን ከወላጇ ነጻ ያወጣት ስጦታው አልቆ ብድር ብቻ በቀረበት ደጃፍ ላይ ነው። ፎርሙ «አንቺ ብቻ» ሲላት «ዕዳውም ያንቺ ብቻ» ማለቱም ነው።

ቁጥሩን በቅርብ እንየው። በ2025–26 የዚህ ብድር ወለድ 7.94 በመቶ ነው። 20,500 ዶላር ስትበደር መጀመሪያ 1.057 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል፤ እጇ ወይም ትምህርት ቤቷ የሚደርሰው ወደ 20,283 ዶላር ነው። ወለዱ ግን በሙሉው 20,500 ላይ ይቆጠራል፤ በዓመት 1,628 ዶላር ገደማ፣ በወር ወደ 136 ዶላር፤ እሷ ገና ክፍል ውስጥ ተቀምጣ።

ከ2006 ጀምሮ ይህ ለማይበቃው ተማሪ ግራድ ፕላስ የሚባል ሌላ ብድር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ያሰላው ጠቅላላ ወጪ እስኪሞላ ድረስ መበደር ይቻል ነበር። በጁላይ 4, 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን በር ከጁላይ 1, 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቶታል። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ ብድር በዓመት ከ20,500 በጠቅላላው ከ100,000 ዶላር አይበልጥም። እንደ ሕክምናና ሕግ ያሉ የፕሮፌሽናል ተማሪዎች ወሰን በዓመት 50,000 በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። በ2025 መጨረሻ በተዘጋጀው ረቂቅ ደንብ ነርሲንግ «ፕሮፌሽናል» ከተባሉት ውስጥ አልገባም፤ ስንቱ የሐበሻ ቤት በነርስ ደመወዝ እንደቆመ ለሚያውቅ ይህ የሩቅ ዜና አይደለም።

በሌላ አነጋገር፣ ከእንግዲህ የጎደለው ከመንግሥት አይሞላም። ከግል ባንክ፣ ከሥራ፣ ወይም ከቤት ነው የሚሞላው።

ቤዝመንቱ የሚቆጠርበት ቦታ

አሁን ወደ ቤዝመንቱ እንመለስ። መኖሪያዋ ነጻ ናት አይደለችም በሚለው ላይ አይገባም ብለናል። የሚገባበት ሌላ ቦታ ግን አለ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የአንድ ተማሪን ጠቅላላ የዓመት ወጪ ያሰላል፦ የትምህርት ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ ትራንስፖርት፣ ቤትና ምግብ። ሁሉም ዓይነት እርዳታ ተደምሮ ከዚህ ጣሪያ አያልፍም። ከወላጅ ጋር ለሚኖር ተማሪ የቤትና የምግቡ ድርሻ ዝቅ ይላል፤ ሕጉ ግን ዜሮ እንዳይሆን ይከለክላል። እናት ቤት መኖርም ሽሮና በርበሬ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

አንዳንዱ ተማሪ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ለብቻዬ እኖራለሁ ብል ብዙ ልበደር አይደል?» ይላል። ጣሪያው ከፍ ይላል፤ እውነት ነው። ከፍ የሚለው ግን የስጦታ ጣሪያ አይደለም፣ የዕዳ ጣሪያ ነው። እናስላው። ክፍል መከራየትና መብላት በወር 1,500 ዶላር ቢፈጅ፣ በ9 ወር የትምህርት ዘመን 13,500 ዶላር፣ በሁለት ዓመት 27,000 ዶላር ነው። ይህ በ7.94 በመቶ ተበድሮ በ10 ዓመት ቢከፈል፣ በትምህርት ላይ እያለች የሚጠራቀመውን ወለድ ሳንቆጥር፣ በወር ወደ 327 ዶላር፣ በጠቅላላው ከ39,000 ዶላር በላይ ይሆናል። እናት ቤዝመንቱን በነጻ ስትሰጥ የሰጠችው ይህንን ነው። በየትኛውም የእርዳታ ደብዳቤ ላይ አልተጻፈም፤ ልጅቱ ከምታገኘው እርዳታ ሁሉ ግን ትልቁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ወላጅ ተመልሶ የሚጠየቅበት ቦታም አለ። ፋፍሳ ስለ ፌደራል ገንዘብ ነው። ትምህርት ቤት የራሱን ገንዘብ ሲሰጥ የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል። ብዙ የሕክምናና አንዳንድ የሕግ ትምህርት ቤቶች ችግርን አይተው የሚሰጡትን ስኮላርሺፕ ለመወሰን የወላጅን ገቢና ንብረት ይጠይቃሉ፤ ተማሪው 28 ዓመት ቢሞላውም፣ ቢያገባም። ወላጅ «ነጻ ነሽ ተብለሽ የለም እንዴ? ለምን ወረቀቴን እሰጣለሁ?» ብሎ እምቢ ሲል፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የማይመለሰው ስጦታ ነው። የእናትን ዝቅተኛ ገቢ እንደገና መብት የሚያደርገው ይህ በር ስለሆነ፣ ፌስታሉን ከመጣል በፊት የትምህርት ቤቱን ቢሮ መጠየቅ ይሻላል። የዶክትሬት ተማሪ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ዲፓርትመንቱን ነው፤ በብዙ የፒ.ኤች.ዲ. ትምህርቶች የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ በማስተማር ወይም በምርምር ሥራ የወር ደመወዝ ይከፈላል።

የእቁቡ ገንዘብ በማን ስም ነው?

አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ብዙ ቤት ያለች። እናት እቁብ ደርሷት 10,000 ዶላሩን «ለጊዜው» ልጇ አካውንት ውስጥ አስቀመጠችው እንበል። ፋፍሳ ንብረት ሲጠይቅ የሚያየው ፎርሙ በተሞላበት ቀን በተማሪው ስም ያለውን ነው። እናት አትጠየቅም፤ ገንዘቧ ግን በልጇ ስም ሆኖ ፎርሙ ውስጥ ሊገባ ነው። ልጅ ለሌላት ነጻ ተማሪ ሒሳቡ ከንብረቷ 20 በመቶውን ለትምህርት ሊውል እንደሚችል ገንዘብ ይቆጥረዋል፤ ከ10,000 ዶላሩ 2,000 ዶላር ማለት ነው። ለዋናው ብድር ይህ ለውጥ አያመጣም፤ ችግር እየታየ ለሚሰጥ የትምህርት ቤት ገንዘብና የግቢ ሥራ ግን ሊያመጣ ይችላል። መፍትሔው መደበቅ አይደለም። የእናት ገንዘብ ቀድሞውኑ በእናት ስም ይቀመጥ።

ሦስተኛው ሲኒ

በረካው ሲቀዳ እናት አሁንም ያልተዋጠላት ነገር አለ። «እሺ፣ እዚህ ቤት ያለሁት እኔ፤ የማበላሽ እኔ። እኔን የት ነው የጻፍሽኝ?»

«የትም፣ እማዬ።»

ልጅቱ እውነቷን ነው። ፎርሙ ላይ እናት በዚህ ዓመት የለችም፤ ቤዝመንቱም፣ ወጡም፣ ማጠቢያውም። በአንድ ቦታ ብቻ ልትገባ ትችላለች። ፎርሙ ነጻ ተማሪን ስለ ቤተሰብ ብዛት ሲጠይቅ፣ ከራሱና ከትዳር ጓደኛው ከልጆቹም ሌላ፣ አብሮት የሚኖርንና ከግማሽ በላይ ወጪውን እሱ የሚችልለትን ሰው እንዲቆጥር ይፈቅድለታል። ያ ሰው እናት ልትሆን ትችላለች። እናት ጡረታ ወጥታ ልጅቱ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረች ዕለት፣ ቤዝመንትና ፎቅ የተለዋወጡ ዕለት፣ የእናት ስም ወደ ፎርሙ ይመለሳል።

«የዚያን ጊዜ እጽፍሻለሁ» አለች ልጅቱ።

«ምን ብለሽ?»

«ዲፔንደንት ብዬ።»

እናት ሳቀች፤ ፌስታሉን ግን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳችውም። ማክሰኞ ወንድምዬው ይመጣል፤ የእሱ ፎርም ገና አልተሞላም።